ጠመንጃ የሌለበት ምዕራፍ

ሽቱትጋርት፣ ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1979

ለማከብርዎት አክስቴ ኤርሲሊያ፤

ይህች ወረቀት ስትደርስዎ ጉልበትዎ ከቁርጥማት፣ ቤትዎ ከክፉ ወሬ ያረፈ ይሁን። እኔ ከብርዱ በቀር የሚያማርረኝ የለም። ቀን ፋብሪካ ውስጥ ብረት ስቆርጥ እውላለሁ፤ ማታ እርስዎ ያስለከፉኝን በሽታ አስታምማለሁ። እናቴ ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር "ከዘመድ ሁሉ መርጠህ ከአጎቴ ልጅ ጋር የሙታን ወሬ ትጻጻፋለህ" እያለች ትስቅብኛለች። ትሳቅ። በዚህ አገር ስለ አስፈሪ ልብ ወለድ ከልቡ የሚያወራኝ ሰው አላገኘሁም።

ለመጻፍ ያስቸኮለኝ ይኸውልዎ፤ "የኖራዋ ሙሽራ" ፊልም ሆነች። ቅዳሜ ከሁለት ቱርኮች የሥራ ባልደረቦቼ ጋር ሄጄ አየኋት። ጀርመንኛው ግማሹ አምልጦኛል፤ ጥፋቱ ግን የቋንቋ አይደለም። ባሏ ኖራ ጉድጓድ ውስጥ የጣላት ያቺ ሙሽራ መጽሐፉ ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው አንድም ጊዜ አትታይም። የምናየው የጣቷን ነጭ ምልክት ብቻ ነው፤ ዳቦው ላይ፣ የወንበሩ መደገፊያ ላይ፣ የተኛው ሕፃን ጉንጭ ላይ። እዚህ ግን ገና ወንበራችን ሳይሞቅ ፊቷን ይዛ ብቅ አለች። ፊቷም ዝናብ የመታው የግድግዳ ልስን ይመስላል። ቱርኮቹ ሳቁ። እኔ የገዛ እህቴን ሰው ፊት ያዋረዱብኝ ያህል አፈርኩ።

ያችን የምንወዳትን ዝምተኛ ምዕራፍ ምን እንዳደረጓት አልነግርዎትም። ዶን ጋስፓሬ ለሲኒማ ቤቱ ማስመጣቱ አይቀርም፤ አይተው ይፍረዱ።

ወደዚህ የሚመጣ ሰው ካገኙ ያንን ቃሪያ የበዛበትን ቋሊማ ይላኩልኝ። ታናሽ ወንድሜ ኮዚሞ መጻፍ ትቷል። ካዩት ደህና መሆኑን በአንድ መስመር ይንገሩኝ።

እጅዎን የምስም፣
ሳቬሪዮ


ሮካፌራ፣ ፌብሩዋሪ 27 ቀን 1979

ለልጄ ለሳቬሪዮ፤

ቅዱስ ሮኮ እጅህን ከማሽኑ፣ ልብህን ከብቸኝነት ይጠብቅልኝ። ቋሊማውን ወደዚያ ለሚመለሰው ለአናጢው ልጅ ሰጥቼልሃለሁ፤ መንገድ ላይ ካልተራበ ይደርስሃል።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ሙሽራዋን በማሳየታቸው ተቆጥተሃል። "የሚያስፈራው ያልታየው ነው" የሚለውን ሁሉም ይደጋግመዋል፤ እኔ አላምንበትም። የጓዳዬ ጨለማ አይታየኝም፣ አያስፈራኝምም። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። የቤቱ ሰዎች ጠዋት ተነስተው ዳቦው ላይ የሙሽራዋን ጣት ያያሉ። ከዚያስ? እናትየዋ ነጩን በቢላ ፍቃ ትጥለውና ቆርሳ ታድላቸዋለች። ይበላሉ። ማንም ቀና ብሎ ማንንም አያይም። እዚያ ስደርስ ነው መጽሐፉን ደረቴ ላይ አድርጌ በሬን የማየው። ፊልም ሠሪዎቹ ይህን ካወቁበት ፊቷን መቶ ጊዜ ያሳዩኝ፣ ግድ የለኝም።

መጽሐፉን አሁን እንደገና ያነበብኩት ዶናቶ ታች ባሕሩ ዳር ካለው መጻሕፍት ሻጭ አዲስ ቅጂ ስላመጣልኝ ነው። የጎረቤቴ የቪንቼንሳ ልጅ ዶናቶ፣ ታውቀዋለህ። በዚያች ቀይ የጭነት መኪናው ለአዲሱ መንገድ ጠጠር ያመላልሳል፤ የሰፋሁትን ልብስ ይዤ ወደ ደንበኞቼ ስወርድም የሚወስደኝ እሱ ነው። እነዚያ መንደሩን በፍርሃት የያዙት፣ "ወዳጆቹ" የሚባሉት ሰዎች የጠጠሩን ሥራ ልቀቅ ብለውት እንቢ አለ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት በሩን ሲከፍት ውሻውን ከመኪናዋ የጎን መስታወት ላይ ተሰቅላ አገኛት። ሆዷን ቀደው ጠጠር ሞልተውባታል፤ ክብደቱ አንገቷን ሊበጥሰው ደርሶ ነበር። አውርዶ ቀበራት፣ መኪናዋን አጠበ፣ ሥራ ሄደ። ወደ ቅዳሴ የሚያልፈው ሰው ደሙን እየተሻገረ "ደህና አደርክ" ይለው ነበር።

ኮዚሞን ጠይቀኸኛል። ወፈር ብሏል፤ አዲስ የቆዳ ጃኬት ለብሷል። የሚውለው ከእነዚያ "ወዳጆቹ" ከሚባሉት ጋር ነው።

አክስትህ ኤርሲሊያ


ሽቱትጋርት፣ ማርች 18 ቀን 1979

ለማከብርዎት አክስቴ፤

እግዚአብሔር ቀንዎን ያብራልኝ። ቋሊማው ደርሶኛል፤ የአናጢው ልጅ ጫፉን ብቻ ነው የቀመሰው።

ስለ ዳቦው ያሉትን ሳወጣ ሳወርድ ከርሜ ግማሹን ተቀብያለሁ። ግን የሚበሉት ስለሚራቡ ነው። ሰው ቤቱን ጥሎ የት ይገባል? ደራሲው በእነሱ ላይ የፈረደ አይመስለኝም፤ የፈረዱት እርስዎ ነዎት።

አንድ ነገር ልለምንዎ። ያችን ቀይ መኪና አይሳፈሩ። ደንበኞችዎ ራሳቸው ይምጡ። ለምን አይበሉኝ። ወደ መንደራችን ቡና ቤት ደውዬ ኮዚሞን አገኘሁት፤ ስለ ዶናቶ ስጠይቀው ሳቀና እዚህ በረዶ መጣሉን ጠየቀኝ።

የሚወድዎት ሳቬሪዮ


ሮካፌራ፣ ኤፕሪል 9 ቀን 1979

ለልጄ ለሳቬሪዮ፤

እመቤታችን በጥላዋ ሥር ታኑርህ። ፊልሙን አየሁ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሰው በዝቶ ዶን ጋስፓሬ ከቤተ ክርስቲያን አግዳሚ ተውሶ አስገብቷል። እኔ መሃል ተቀመጥኩ፤ ቪንቼንሳና ዶናቶ ከኋላዬ፣ እሱ ከመተላለፊያው ጫፍ። ስለ ሙሽራዋ ፊት ያልከው ልክ ነው። አንዷ ሕፃን "እማዬ፣ ዱቄት ነው?" ብላ አዳራሹን አሳቀችው። ግን የምፈርደው በእውነት ነው፤ የኖራ ጉድጓዱን አሳምረውታል። ውሃ ሲነካው እንዴት እንደሚፈላ፣ የቆዳዋ ጠርዝ እንዴት እንደሚነሳ፣ ጩኸቷ እንዴት በአፏ በገባው ኖራ እንደሚታፈን ሳይ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። መጽሐፉ ይህን በሦስት መስመር ነው የዘለለው። እዚያ ላይ ፊልሙ በልጦታል።

ከዚያ ዝምተኛዋ ምዕራፍ መጣች። ሙሽራዋ የባሏን ወንድም በሠርግ መቀነቷ ስታንቀው፣ ሚስቱ አጠገቡ ተኝታ አንዲት ኮሽታ አትሰማም። ደራሲው ስድስት ገጽ ሙሉ አንድ ድምፅ አልጻፈም። እነዚህ ከበሮ፣ ቫዮሊን፣ የቤተ ክርስቲያን ደወል ለቀቁበት። ደሜ ፈላ። ይባስ ብሎ በመሃሉ ጠመንጃ ተተኮሰ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሁለቴ። ጠመንጃ፣ በዚያ ምዕራፍ! ከየት አመጡት ብዬ ለቪንቼንሳ ልማረር ዞርኩ።

አዳራሹ ሁሉ ሸራውን እያየ ነበር። የፊልሙ መስሏቸዋል፤ መጽሐፉን ያላነበበ በምን ያውቃል?

ዶናቶ አገጩን ደረቱ ላይ ጥሏል። የራስ ቅሉ ጀርባ የለም። ቪንቼንሳ ዓይኗን ከሸራው ሳታነሳ እጇን ወደ ልጇ ማጅራት ሰዳ ታሻሸዋለች፤ እጇ የገባበትን አላወቀችም። "ላብ በላብ ሆነሃል" ትለዋለች። ከፊቱ የተቀመጠችው ልጅ ፀጉሯ ላይ የተረጨውን በጣቷ እየለቀመች ፊልሟን ታያለች። ቪንቼንሳ እጇን አውጥታ በሸራው ብርሃን ስታየው ነው የጮኸችው። እሱንም ሰው የፊልሙ ጩኸት መሰለው። ዶን ጋስፓሬ ላይ ማሽኑ ክፍል ውስጥ ምንም አላወቀም፤ መብራቱ እስኪበራ ሙሽራዋ በላያችን ትሮጥ ነበር።

ፖሊስ መጥቶ አንድ በአንድ ጠየቀ። ሁሉም "ፊልሙን እያየሁ ነበር" አሉ። አብዛኞቹ እውነታቸውን ነው። እኔንም ጠየቁኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ኮዚሞ ደህና ነው ወይ ብለህ ነበር። አይቼዋለሁ። አካሉ ደህና ነው።

አክስትህ ኤርሲሊያ


ሽቱትጋርት፣ ጁን 2 ቀን 1979

ለማከብርዎት አክስቴ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሳልጽፍ ቆየሁ፤ ይቅር ይበሉኝ። ነፍስ ይማር ማለት ይገባኝ ነበር፤ እሱንም በጊዜው አላልኩም።

ደብዳቤዎን እንደ መጽሐፍ ደጋግሜ አነበብኩት። "ዞርኩ" ይላሉ። ዞረው ዶናቶን አዩ፣ እናቱን አዩ፣ ፀጉሯን የምትለቅመውን ልጅ ሳይቀር አዩ። ከእነሱ ኋላ ያለውን በር ግን አልጻፉትም። ደራሲ አንድ ነገር ሲዘል ሆን ብሎ ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

በሩ ላይ ማንም ካልነበረ "ማንም" ብለው አንድ ቃል ይጻፉልኝ። ይበቃኛል። እዚህ ትርፍ አልጋ አለኝ። የባቡር ትኬት እልካለሁ፣ ይምጡ፤ መጽሐፍ ሞልቷል። ይህን ደብዳቤ ያቃጥሉት።

ሳቬሪዮ


ሮካፌራ፣ ጁን 30 ቀን 1979

ለልጄ ለሳቬሪዮ፤

የሰማይ አባት ልብህን ያጽናልህ። ፊደሌ ቢንጋደድብህ አትዘን፤ በግራ እጄ ነው የምጽፈው።

"ማንም" ብዬ ልጽፍልህ ወረቀት አውጥቼ ነበር። እውነት እልሃለሁ፣ "ማ" የምትለዋን ጽፌአለሁ። ያኔ ኮዚሞ መጣ። ረፋድ ላይ ነው። በሩን አንኳኩቶ፣ ጫማውን ጠርጎ ገባ። ሲያየኝ ጉንጬን ሳመ።

"አክስቴ፣ ፊልሙ እንዴት ነበር?" አለኝ።

"አልወደድኩትም።"

"ሰው ሁሉ ወዶታል እኮ።"

"ሰው ሁሉ መጽሐፉን አላነበበም።"

"መጨረሻውን አዩት?"

"አላየሁም" አልኩት። "ዞሬ ነበር።"

መዋሸት ምንም አይጠቅመኝም ነበር። ያን ቀን ሽጉጡን ጃኬቱ ውስጥ ሲከት ዓይን ለዓይን ተገጣጥመናል። የሙሽራዋ ነጭ ልብስ ሸራውን ሞልቶት ስለነበር ብርሃኑ በሩ ድረስ ይደርስ ነበር። የወተት ጥርሱ ሲወልቅ አፉን የያዝኩለት ልጅ ነው፤ አልስተውም።

ክንዴን ይዞ፣ አሮጊት እንደሚደግፍ፣ የስፌት መኪናዬ ፊት አስቀመጠኝ። ቀኝ እጄን ጨርቅ እንደሚያስተካክል አድርጎ መርፌው ሥር ዘረጋው። መዘውሩን ራሱ አዞረው። መርፌው በአውራ ጣቴ ጥፍር ገብቶ አጥንት ላይ ተሰበረ። ከሳጥኔ ሌላ መረጠ፤ ቀጭኑን መልሶ የካፖርት መስፊያውን አነሳ። አመልካች ጣቴን ሰፋው፣ ቀጥሎ መሃለኛውን። ስጮህ "እሽ፣ እሽ፣ ጎረቤት ይሰማል" ይለኛል። ጎረቤት ሰምቷል። መስኮቶቹ ሲዘጉ እኔም ሰምቻለሁ። በመጨረሻ የመኪናውን ራስ ከነብረቱ አንስቶ እጄ ላይ ጣለውና ግንባሬን ስሞ ወጣ።

ስንት አስፈሪ መጽሐፍ አንብቤአለሁ። አንዱም ደራሲ ክፉውን ሰው "አክስቴ" ሲል አላሰማኝም። ይህን ሳያውቁ ነው የሚጽፉት።

መልሴ እንግዲህ "ማንም" አይደለም። ወንድምህ ነበር። ለመርማሪው ዳኛ ትናንት ነግሬ ፈርሜአለሁ፣ በዚሁ በግራ እጄ። ከሌላ አፍ እንዳትሰማው ብዬ ነው የምጽፍልህ። ትኬቱን አትላክ።

አክስትህ ኤርሲሊያ


ሽቱትጋርት፣ ዲሴምበር 11 ቀን 1979

ለወይዘሮ ኤርሲሊያ፤

ሰላምታ አላበዛም።

ኮዚሞ ታስሯል፤ ያውቁታል። እናቴ እህል አልቀምስ ብላለች አሉ። ባለፈው ሳምንት ከሥራ ስገባ ሁለት የአገራችን ሰዎች ክፍሌ ውስጥ አልጋዬ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። በሩን ማን እንደከፈተላቸው አላውቅም። ጨዋዎች ናቸው፤ በረዶ የመሰለ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ የእናቴንም ሰላምታ ይዘው መጥተዋል። እንድል የሚፈልጉት ቀላል ነው፤ ኮዚሞ ዶናቶ በሞተበት ሳምንት እዚህ፣ እኔ ጋ ነበር። ፍርድ ቤት ቀርቤ ይህን ስምል ሁሉም ያልቃል። ሲወጡ አንደኛው መጽሐፎቼን አገላብጦ "ይህን ሁሉ ደም እያነበብክ እንቅልፍ ይወስድሃል?" አለኝ።

እምላለሁ አልኳቸው። ጀርባዬ ላይ አዝዬ ያሳደግሁት ወንድሜ ነው። እርስዎ እጅዎ ይድናል። እሱ ግን እዚያ ውስጥ ያረጃል። የሚበላ ሰው ስለሚራብ ነው የሚበላው ብዬ ነግሬዎት ነበር። ፍርድ ቤት ስንገናኝ አይዩኝ።

ሳቬሪዮ


ሮካፌራ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1980

ለልጄ ለሳቬሪዮ፤

አንተ ብታሳጥር እኔ ሰላምታዬን አላሳጥርብህም። አዲሱ ዓመት በጤና ይግባልህ፤ ከውርጭ፣ ከማሽን፣ ከሽማግሌ ሐሜት ይሰውርህ።

እጄ አልዳነም። ሐኪሞቹ ሁለት ጣቶቼን ቆርጠዋቸዋል። ደንበኛም የለኝ። ዳቦ ጋጋሪው እኔ ስገባ አልቋል ይለኛል፤ ቪንቼንሳ ናት የምትጋግርልኝ። እሷም በሽታ ይዟታል፤ ያችን ልጇን ያሻሸችባትን እጅ ምንጩ ላይ ስታጥብ ትውላለች፤ ቆዳዋ ተልጦ ቀይ ሥጋ ሆኗል፣ አሁንም ታጥባለች። ሰዎች ውሃ ሊቀዱ መጥተው ዞረው ይሄዳሉ።

አትማል አልልህም። የአባትህ ልጅ ነህ፣ ትልቅ ሰው ነህ።

የእኛ ደራሲ አዲስ መጽሐፍ አውጥቷል። ፈሪ ሆኖብኛል። ሙታኑ ሁሉ በመጨረሻ ሕልም ነበሩ ይለናል። ገንዘብህን አታባክን።

አክስትህ ኤርሲሊያ


ናፖሊ፣ ኤፕሪል 21 ቀን 1980

ለአክስቴ ለኤርሲሊያ፤

ምሕረቱ ያግኝዎ፣ እኔንም ያግኘኝ። ከሆስፒታል አልጋ ላይ ነው የምጽፈው።

ሳያዩኝ ልውጣ ብዬ ነበር፤ እንዳዩኝ አውቃለሁ። ለእነዚያ ሰዎች የሰጠሁትን ቃል ላላፈርስ ነው ወደ ፍርድ ቤቱ የገባሁት። የኮዚሞ ጠበቃ ከእርስዎ ሲጀምር ግን አዳመጥኩ። "ይህች ሴት ከሙታን ሙሽሮች ጋር የምትውል ናት፤ ፊልሙ የቱ፣ እውነቱ የቱ እንደሆነ ትለያለች ወይ?" ሲል አዳራሹ ሳቀ። ኮዚሞም ሳቀ። እርስዎ ያንን የተጠቀለለ እጅ ጭንዎ ላይ አድርገው "ደህና አድርጌ እለያለሁ፤ ፊልሙ መጥፎ ነበር" አሉት። ያኔ እኔን ጠሩኝ።

ወንድሜን አየሁት፤ ዓይኑን ጠቀሰኝ፣ ልጅ ሆነን ከአባታችን ኪስ ሲጋራ ስንሰርቅ እንደነበረው። "ወንድሜ ሽቱትጋርት መጥቶ አያውቅም" አልኩ። "ስንት ጊዜ ና ብየዋለሁ። አልመጣም።" እናቴ ጩኸቷን ለመዋጥ የራሷን ክንድ ስትነክስ አየኋት፤ ደሙ በክርኗ ወረደ። ሠላሳ ዓመት የፈረዱበት ዕለት እዚያ አልነበርኩም።

ስመለስ ባቡሩ ናፖሊ ሲደርስ ሁለት ሰዎች ሽንት ቤት ውስጥ ዘጉብኝ። አልጋዬ ላይ የተቀመጡት አይደሉም፤ ሸሚዛቸው ግን ያው ነው። አንዱ ፀጉሬን ይዞ ራሴን ከመታጠቢያው ጠርዝ ጋር ሲያጋጭ፣ ሌላው ከከንፈሬ ጫፍ እስከ ጆሮዬ ሰነጠቀኝ። ቢላው ጥርሴ ላይ ሲፋቅ በራሴ ውስጥ ሰማሁት። አልጨረሱኝም፤ እንዲታይ ነው የፈለጉት። ሐኪሙ እስኪሰፋው ጥርሶቼ በጉንጬ በኩል ይታዩ ነበር። የሙሽራዋን ፊት የሠሩት ሰዎች ከእነዚህ ይማሩ።

ከእንግዲህ ወደ ሮካፌራ አልመጣም። ለእናቴ አልጻፍኩም። ምን ብዬ?

ሳቬሪዮ


ሮካፌራ፣ ሜይ 8 ቀን 1980

ለልጄ ለሳቬሪዮ፤

ቁስልህ በደህና ይግጠም፣ የገጠመው አይገንጠል።

ፍርዱ የተሰጠ ዕለት መስኮቴ በድንጋይ ተሰበረ። ማን እንደወረወረው አይቻለሁ፤ እናትህ ናት። ደብዳቤህ በደረሰ ማግስት ደግሞ ራሷ መጣች፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መንደሩ ሁሉ እያያት። ጥቁር ለብሳለች። በሩን ስከፍት ፊቴ ላይ ተፋችብኝ። ከዚያ አልፋኝ ገብታ ጠረጴዛው ጋ ተቀመጠች። ምራቋን ጠርጌ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ።

"አንዱን ልጄን አሰርሽው፤ ሌላውን አስቆረጥሽው" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት።

"ወዳጆቹ ነን የሚሉትም አሁን በሬን አያንኳኩም። ሌላውን ልጄን አንዱ አለ ይላል፣ አንዱ ሞቷል ይላል። ፊደል አላውቅም።"

"አውቃለሁ።"

"ፖስተኛው ትናንት አንቺ ቤት ሲገባ አይቻለሁ።"

ደብዳቤህን አውጥቼ አነበብኩላት። ምንም አልዘለልኩም፤ ስለ ክንዷ የጻፍከውንም፣ ስለ ቢላውም። እጆቿን አጣጥፋ ሰማችኝ። ስጨርስ "ድገሚው" አለች። ደገምኩት። ሦስተኛም አስነበበችኝ። ከዚያ መጻፊያውን ወደ እኔ ገፋችው።

"ጻፊ" አለችኝ።

"በግራ እጄ ስለሆነ ዝግ ብለሽ ተናገሪ" አልኳት።

ይኸው እንደነገረችኝ ነው። "ቁስሉን ለነፋስ አታጋልጠው። ሾርባ ጠጣ፣ ማኘክ እስክትችል። እኔ እየበላሁ ነው። ወንድምህን እሑድ እሑድ ሄጄ አየዋለሁ፤ ስለ አንተ ሲጠይቀኝ ስለ ዝናቡ እነግረዋለሁ።"

 እዚህ ላይ "ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ልጨምርበት?" ብዬ ጠየቅኋት።

መስኮቱን አየች፤ የተሰበረውን በካርቶን ነው የሸፈንኩት። "እሱን አሁን አትጻፊው" አለችኝ። "ቦታ ተይለት።"

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን ባዶ ትቼዋለሁ።





እናትህ፣ በኤርሲሊያ እጅ